ብሉ ማውንቴን ቡና፦ እውነት ያን ያህል ያወጣል ወይስ ተሸወድኩ?

ሲኒ_ሙሉ፦
ሰላም ናችሁ የቡና ሰዎች። ለልደቴ ጓደኞቼ አዋጥተው የጃማይካ ብሉ ማውንቴን ገዙልኝ። ትንሽ ከረጢት ናት፣ ፊቷ ላይ ሰማያዊ ተራራ ተስሎባታል። ዋጋውን በኋላ ሳይ ክው ነው ያልኩት። ሦስት ቀን አስቀምጬ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ጠብቄ አፈላሁት። ከዚያስ? ምንም! አይመርም፣ አይጎመዝዝም፣ መጥፎም አይደለም። ግን «እና?» ብዬ ቀረሁ። ቡናው ራሱ እንዲህ ነው ወይስ የሆነ ነገር አምልጦኛል?

ሰናይ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ከረጢቷን ገልብጣት። «ብሌንድ» (ከሌላ ቡና ጋር የተቀየጠ) ወይም «ስታይል» (በዚያ ዓይነት የተሠራ) የምትል ቃል ካየህ ገና ንጹሑን ብሉ ማውንቴን አልጠጣህም ማለት ነው። በጃማይካ ሕግ ይህን ስም የሚይዘው በፖርትላንድ፣ በሴንት አንድሩ፣ በሴንት ቶማስና በሴንት ሜሪ አውራጃዎች ውስጥ፣ በተከለለው የተራራ ክፍል፣ በግምት ከ900 እስከ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ የበቀለ ብቻ ነው። ከዚያ ዝቅ ያለው እዚያው ጃማይካ ቢበቅልም ስሙ ሌላ ነው፣ «ሃይ ማውንቴን» ይሉታል። ተራራው ራሱ ጫፉ 2,256 ሜትር ይደርሳል፣ እዚያ ላይ ግን ቡና የለም።

ቆይ_ልቁላ፦
ሰናይ ያለችው ልክ ነው። ግን መቶ በመቶ እውነተኛውንም ብትጠጣ ያው «እና?» ልትል ትችላለህ። ይሄ ቡና የሚጮህ ቡና አይደለም። አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል የምትጠብቅ ከሆነ አታገኘውም። ለስላሳ ነው፣ ጣፈጥ ይላል፣ ምሬቱ ትንሽ ነው፣ በቃ። ደጋፊዎቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው። ጉሙ ተራራው ላይ ስለሚተኛ ፍሬው ቀስ ብሎ ነው የሚቀላው፣ ለቀማውም ወራት ይፈጃል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ማሽን አያስገባም፣ ሁሉም በእጅ ነው።

ድሮ የምሠራበት ቡና መቁያ ቤት አንዴ ጥሬውን አስመጥተን ነበር። በጆንያ አይደለም የሚመጣው፣ በእንጨት በርሜል ነው! ክዳኑን ስንከፍት ፍሬው ሰማያዊ የነካው አረንጓዴ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ እኩል እኩል። ከዚያ አለቃችን «ጠቆር ይበል» ብሎ አስቆላን። ሞተ። ከሌላ ጥቁር ቡና ማን ይለየዋል? ያንተም ፍሬው በዘይት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጣዕሙ እሳት ላይ ቀርቷል።

በቃኝ_ስም፦
እኔ ግን ግልጹን ልናገር፣ የምትከፍሉት ለስም ነው። ለብዙ ዓመታት አብዛኛውን ምርት የምትገዛው ጃፓን ነበረች፣ ለሌላው የሚተርፈው ጥቂት ነበር፣ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ዋጋው ሰማይ ይነካል። በዚያ ገንዘብ አሪፍ የኬንያ ቡና ገዝቼ ወር ሙሉ እጠጣለሁ።

ሰናይ፦
ኬንያውን አልጠላም። ግን ስም ብቻ ነው ማለት ገበሬውን መበደል ነው። በፈረንጆቹ 1988 ጊልበርት የሚባለው አውሎ ነፋስ ተራራውን ጠራርጎታል፣ በ2004 ኢቫን መጣ፣ በ2024 ደግሞ ቤሪል። የወደቀ ቡና ነገ አይበቅልም፣ ችግኝ ተክለህ ዓመታት ትጠብቃለህ። በዚያ ላይ ዝርያው በአብዛኛው ቲፒካ ነው፦ ምርቱ ትንሽ፣ የቅጠል ዋግ ደግሞ ቶሎ ይይዘዋል። ብዙዎቹ ትንሽ ማሳ ያላቸው ሰዎች ናቸው። (በነገራችን ላይ ቡናን ጃማይካ ያስገባው በፈረንጆቹ 1728 የደሴቲቱ የቀድሞ ገዥ ኒኮላስ ሎውስ ነው ይባላል፣ ከማርቲኒክ አምጥቶ። ቲፒካ ደግሞ ዘሩ በየመን በኩል ከኢትዮጵያ የወጣ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ዘመዳችን ነው።)

በቃኝ_ስም፦
ዘመድ ከሆነ ቅናሽ ያድርግልና 😄

ሲኒ_ሙሉ፦
ገለበጥኳት። ከተራራው ሥር፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፦ «ብሌንድ»። ምን ያህሉ ከጃማይካ እንደሆነ የለም፣ የተቆላበት ቀንም የለም። ፍሬው ደግሞ ቅባት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ቆይ_ልቁላ፣ አይተኸው ነው እንዴ የተናገርከው? ለማንኛውም መቶ በመቶ የሚለውን፣ ቀለል ተደርጎ የተቆላ፣ 100 ግራም ብቻ እፈልጋለሁ፣ አንዴ ቀምሼ ልፍረድ። ለጓደኞቼ ግን እንዳትነግሩብኝ፣ አንደኛው እዚህ ገጽ ላይ ይገባል።