እርዱኝ፦ የአያቴ ድምፅ ያለበት ስልክ ስክሪኑ ጠፋ፣ ቀብሩ ነገ ነው

የአኮ ልጅ (ጠያቂ)፦ ጅማ ያላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አያቴ አርፋለች፤ አኮ ነበር የምንላት። ነገ 6 ሰዓት ቀብር ነው። የሕይወት ታሪኳን የምጽፈው እኔ ነኝ። ዓምና ቡና እያፈላች የነገረችኝን ሁሉ በስልኬ ቀድቼው ነበር። ዛሬ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ወደቀና ስክሪኑ ጠቆረ። ሲደወልበት ይጠራል። ምን ላድርግ?

ስልክ ሠሪው፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሞዴሉ ምንድን ነው? ቅጂው ሚሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ አውጥተህ ሌላ ስልክ ላይ ክተተው።

የጅሬን ልጅ፦ ሚሞሪውን አውጣው ወንድሜ።

ጋሼ መምህሩ፦ ልጆች፣ የሽማግሌ ድምፅ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቀመጥም። በቀዳችሁ ቀን ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ላኩት። ስንቱ አዛውንት ታሪኩን ይዞ ሄደ!

የአኮ ልጅ፦ ሚሞሪ የለውም ጋሼ። ለማንም አልላክሁም።

ስልክ ሠሪው፦ እንግዲያው ለጊዜው ተመሳሳይ ስክሪን ይገጠምለት። ፓተርኑን ከፍተህ በኬብል ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ። «ፍላሽ እናድርገው» (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ እንጫነው) ካሉህ እሺ እንዳትል፣ ሁሉም ይጠፋል።

እትዬ፦ ለሕይወት ታሪክ ስልክ ምን ያደርጋል የኔ ልጅ? አብረዋቸው የዘመሩ እናቶች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሄደህ ጠይቃቸው።

የአኮ ልጅ፦ እትዬ፣ እነሱንም እጠይቃለሁ። ግን ቅጂው ሲጀምር «ስልኩን አስቀምጠውና ቡናህን ጠጣ» ትለኛለች። እሱን መስማት ነው የምፈልገው። ደግሞ የልደት ዘመኗ አጨቃጨቀን። «ጣልያን ሲገባ ሰባት ዓመቴ ነበር» ትል ነበር። አጎቴ 1921 ይላል፣ እናቴ 1922።

ታሪክ ወዳድ፦ ሁለቱም ያስኬዳል። ጦርነቱ መስከረም 1928 ተጀመረ፣ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ተያዘች። ወደ ምዕራብ የዘለቁት ግን በ1929 ነው። አያትህ ያደጉት እዚሁ ጅማ ከሆነ እናትህ ትረታለች።

የጅሬን ልጅ፦ ሚሞሪ ከሌለው ስክሪን ይቀየር፣ ሌላ መላ የለም።

የመዘምራኑ፦ የሳቸው ቡና ሦስተኛው እንኳ አይቀጥንም ነበር! መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠህ አየህ? የድሮ ሰው ልደትና ጥምቀት ሽፋኑ ውስጥ ይጽፋል። ካልሆነም የአጥቢያውን የጥምቀት መዝገብ ጠይቅ።

የአኮ ልጅ፦ ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጎመው፣ በግዕዝ ፊደል የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ያላት። አሁን ገለጥኩት። የዘጠኝ ልጆቿ ጥምቀት በእርሳስ ተጽፏል፣ የራሷ የለም። የአጎቴ አጠገብ «1951» ይላል። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችውም በ1951 ነው፤ «መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት አጎትህን ታቅፌ ነበር» የምትለው እውነት ነው ማለት ነው። አሁን ስክሪን ላስገጥም ወደ ጅማ መርካቶ እየሮጥኩ ነው።

ስልክ ሠሪው፦ ሞዴሉን ሳትነግረን?

ከፈረንጅ አራዳ፦ የኔ ስልክ አንድ ዓይነት ከሆነ ስክሪኑ ተፈቶ ለአንድ ሰዓት ይግጠሙልህ። እስከ ማታ 3 ሰዓት አለሁ። ሞዴሉን ብቻ ጻፍልኝ።