«ሄቪ» ሁልጊዜ «ከባድ» ነው እንዴ?

ጦሳ ስር (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንግሊዝኛ እያጠናሁ ነው። መዝገበ ቃላቱ «ሄቪ» ማለት «ከባድ» ነው ይላል። «ዘ ኤግዛም ዋዝ ሄቪ» ብዬ ስጽፍ ግን ተሰረዘብኝ። «ሄቪ ሬይን» ሲሆን ደግሞ ልክ ነው ተባለ። በአማርኛ ፈተናውም ዝናቡም ከባድ አይደሉም እንዴ? «ሂ ኢዝ ኤ ሄቪ ማን» ብልስ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ማለት ይሆንልኛል?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድሜ፣ ያሳሳተህ የኛው «ከባድ» ነው፤ አራት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ሚዛን ላይ የሚወጣ ክብደት፣ አስቸጋሪነት፣ አስጊነት፣ የሰው ግርማ። «ሄቪ» የመጀመሪያውን ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፦ ወደ ብዛት። ከወትሮው በላይ የበዛ ነገር «ሄቪ» ይባላል።

ስለዚህ ከመጻፍህ በፊት «ከባድ»ን አውጣና ሌላ አማርኛ ተካበት። «የበዛ» ብትለው ካስኬደ «ሄቪ» በል፤ የነሐሴ ዝናብ፣ ኪሳራ፣ ሲጋራ ማጨስ። «ሄቪ ስሞከር» በቀን ብዙ የሚያጨስ ነው፣ ኪሎው አይነሳም። «አስቸጋሪ» ብትለው የሚሻል ከሆነ «ሃርድ» ወይም «ዲፊከልት»፦ ፈተና፣ ጥያቄ፣ ውሳኔ። «አስጊ» ከሆነ «ሲሪየስ»፦ በሽታ፣ ጉዳት፣ ስህተት።

ይሄ ዘዴ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱን መሸምደድ ነው። ነፋስ «ስትሮንግ» ነው። ወፍራም ሻይም «ስትሮንግ ቲ» እንጂ «ቲክ ቲ» አይደለም። ጠዋት ጦሳን የሚሸፍነው ጉም ደግሞ «ቲክ ፎግ»።

አንድ ወጥመድ ልጨምርልህ። «ኢት ሬይንድ ሄቪሊ» ዶፍ ጣለ ማለት ነው። «ኢት ሬይንድ ሃርድ»ም ያው። ግን «ሄቪ» ላይ «ሊ» ስለተቀጠለ «ሃርድ»ም ላይ ልቀጥል ካልክ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ «ኢት ሃርድሊ ሬይንድ» ማለት ጠብ አላለም ለማለት ምንም አልቀረው።

ሸዋ በር
ከላይ ያለው ልክ ነው። እኔ «ሄቪ ትራፊክ»ን ላንሳ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ሐረጎን ተያይዞ የሚወጣው ተሳቢ «ሄቪ ትራክ» ነው፤ ስሙ የመኪናውን ዓይነት ስለሚነግር ባዶውን ቢሄድም ያው ነው። «ሄቪ ትራፊክ» ግን የመኪናውን ክብደት አይናገርም። ፒያሳ በባጃጅ ብቻ ቢጨናነቅም «ሄቪ ትራፊክ» ነው። ወደ አማርኛ ስትመልሰው «ከባድ ትራፊክ» እንዳትል፣ እኛ ዘንድ ትራፊክ ፖሊሱም ነው፤ ቅጣት የማይምር ሰው ይመስላል። «የመንገድ መጨናነቅ» በለው።

አነባበቡም ላይ፦ «ሂቪ» የሚሉ አሉ፣ አጻጻፉ እያሳታቸው ነው። ድምፁ እንደ «ሄድ» እና «ብሬድ» አጭር ነው። ስታወዳድርም «ሞር ሄቪ» ሳይሆን «ሄቪየር»፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ዋይ ወደ አይ ትቀየራለች።

ጦሳ ስር (ደሴ)
አላህ ይስጣችሁ። «ሄቪ ማን»ስ?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)
እሱን ረሳሁት። ሰውዬው ወፍራም ነው ማለት ነው፣ ይቀየምሃል። ለጭምትና ለተከበረ ሰው «ዲግኒፋይድ» የሚለው ይቀርባል። ተሰሚነት ያለው ለማለት ከሆነ ግን «ሄቪዌይት» አለልህ። ከቦክስ የመጣ ነው፤ በፕሮፌሽናል ቦክስ ከባድ ሚዛን ከ90.7 ኪሎ በላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ፖለቲካና ንግድ ተሻገረ። የሚገርመው፣ ቅጽሉ ባይገጥምም ስሙ ይገጥማል፦ እኛ ለአንድ ጉዳይ «ክብደት ሰጠው» እንላለን፣ እነሱም «ጊቭ ዌይት» ይላሉ፣ ሐሳቡ አንድ ነው።

ሸዋ በር
«ሄቪ ስሊፐር»ንም ያዝ። እንቅልፋም ማለት አይደለም። ከተኛ የማይሰማ፣ ቀስቅሰኸው የማይነቃ ነው፣ አራት ሰዓት ብቻ ቢተኛም። «ዊዝ ኤ ሄቪ ሃርት» ደግሞ እያዘነ፣ ቅር እያለው፤ ልበ ደንዳናው «ሃርድ ሃርትድ» ነው፣ አታምታታቸው።

«ላይት»ም ያው ችግር አለበት። ቀላል ሻንጣ «ላይት» ነው፣ ቀላል ፈተና ግን «ኢዚ»። «ላይት ፊንገርድ» ሲሉህ ደግሞ እጁ አመለኛ ማለታቸው ነው፣ ቦርሳህን ጠበቅ።

ጦሳ ስር (ደሴ)
ልሞክር፣ አርሙኝ። አንድ፦ «ሄቪ ኢልነስ» የሚለውን ትቼዋለሁ፣ «ሂ ሃዝ ኤ ሲሪየስ ኢልነስ»። ሁለት፦ «ዘ ዊንድ ዋዝ ሄቪ»። ሦስት፦ «ዌን ኢት ሬይንስ ሄቪ፣ ዘ ትራፊክ ኢዝ ሄቪ»።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)
አንደኛው ልክ። ሁለተኛው «ስትሮንግ»። ሦስተኛው ላይ ከዝናቡ በኋላ ያለው «ሄቪሊ» ይሁን፣ ግሡን ስለሚገልጽ። ከትራፊኩ በኋላ ያለውን እንዳለ ተወው።