ሻዶው ታክቲክስ ሴቭ አላደርግም አለኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ

ብርዱ_ጨረሰኝ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ቤቶች አስቸኳይ ነው። ሻዶው ታክቲክስ ማለት ጃፓን ውስጥ ከዘበኛ ተደብቀህ የምታልፍበት ጌም ነው፣ ኦሳካ የሚለው ምዕራፍ ላይ ነኝ እና ኤፍ5 ስጫን ሴቭ ማድረጉን ትቶ ድምፁን ይቀንሳል፣ ወደ ሴቩ የሚመልሰው ኤፍ8ም እንደዛው የራሱን ነገር ይሰራል፣ አንዱን ዘበኛ ወግቼ ዞር ስል ሌላው ይጮሃል አላርም ይነፋል ሰራዊት ይወጣል ያው ከሀ። የጫነልኝ ልጅ ስልክ አያነሳም። እኔ ኳስና ተኩስ ነበር የምጫወተው፣ መብራት ሳይሄድ መልሱ በናታችሁ

መንዜው፦ ኤፍ5 ምን አደረገህ፣ ተኩስ መስሎህ ገብተህ ነው 😂

ሪስታርት፦ ሪስታርት አድርገው

ጥገና_ጠባሴ፦ ኪቦርዱ ላይ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ይዘህ ኤፍ5 ጫን። መያዙ ከሰለቸህ ኤፍኤን ይዘህ ኤስኬፕ፣ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ይቆልፈዋል። ኤችፒ ከሆነ ሲነሳ ኤፍ10 እየመታህ ባዮስ (የላፕቶፑ ዋና ሴቲንግ) ግባና አክሽን ኪይስ ሞድን ዲሴብል አድርግ። የላፕቶፑን ዓይነት እንኳ አልጻፍክም እኮ

ንጹህ_ተጫዋች፦ በየደቂቃው ሴቭ እያሉ መጫወት ግን ማጭበርበር ነው ባይ ነኝ

እቴ_ሸዋሮቢት፦ ኧረ ተው! ሴቭ ሳታደርግ ደቂቃ ሲያልፍህ ጌሙ ራሱ ሰዓት እያሳየ ይነዘንዝሃል፣ ሲሰራም ለዛ ነው የተሰራው። ወንድሜ እኔም መሮጥ ነበር የምወደው፣ መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ላጠፋው ነበር። ዘበኛው የሚያየው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይታይሃል አይደል፣ ሙሉ የተቀባው ጋ ምንም ብታደርግ ያይሃል፣ መስመር መስመሩ ጋ ግን ቁጢጥ ካልክ አያይህም። ይሄን ሳውቅ ነው የጣመኝ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ሬሳ ደብቄ ሰውየው ሄዶ እስኪመለስ ቁጭ ብዬ ሳይ እራት ያርብኛል

ጓሳ፦ ትዕግስቱን ለመማር ጃፓን መሄድ አያስፈልግም። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሃል ቀስ ብሎ ይገባል፣ ጭላዳዎቹን አይነካም እነሱም አይሸሹትም፣ እዛው ሆኖ አይጥና ፍልፈል ያድናል። ተመራማሪዎች ቆጥረውት መንጋው ውስጥ ሲሆን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን 25። ጌሙ ላይ ያለችው አይኮ ኪሞኖ ለብሳ በዘበኞች መሃል ስታልፍ እሱን ነው የማስበው። ሳሙራይ ግን ይነቃባታል ተጠንቀቅ።

መንዜው፦ ጌም ተጠየቀ ቀበሮ መጣ 😂😂

ብርዱ_ጨረሰኝ፦ ኤፍኤን ሰራ!!! ተባረክ። አሁን ደግሞ የገለባ ባርኔጣ ያደረገው ዘበኛ፣ የእኔን ሰው የሙገንን ጠርሙስ ብወረውርለትም ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ ተበላሽቶ ነው?

ሌላ_ሰው፦ ኤፍኤን ይዘህ ኤፍ5 ሞክር

እቴ_ሸዋሮቢት፦ አልተበላሸም፣ ባለ ገለባው ቦታውን አይለቅም። በጠርሙስ የሚሄደው ተራው ዘበኛ ነው። ከሌላ ጋር የሚተያይ ከሆነ ሻዶው ሞድ ተጠቀም፣ ለኒንጃው ለሀያቶ አንድ ለሙገን አንድ ትእዛዝ አስቀምጥና እኩል ልቀቃቸው፣ ሁለቱም አንዴ ይወድቃሉ። ብቻ ከዛ በፊት ሴቭ

ፒሲ_የለኝም፦ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አለ?

ጥገና_ጠባሴ፦ አለ። 2016 በፒሲ ወጣ፣ በዓመቱ ወደ ኮንሶል መጣ። አንተ ባለ ኤፍ5 ላፕቶፑ ምን ነበር ግን?