ከደሴ ጅዳ፦ ቲኬቱ ላይ ያለው 01፡50 የማን ሰዓት ነው?

የጢጣዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ጅዳ ወንድሜ ጋ ልትሄድ ነው። 67 ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ከሐይቅ ርቃ አታውቅም። የምትበረው ከአዲስ አበባ ነው፤ ቲኬቱ «ሐሙስ 01፡50» ይላል። ሳነብላት «ለሁለት አሥር ጉዳይ፤ ጥሩ ነው፣ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣለሁ» አለች። ረቡዕ ጠዋት ከደሴ ብንነሳ እንደርሳለን? በአየርስ ስንት ሰዓት ትቀመጣለች? ጉልበቷን ያማታል። እዚያ ስትደርስ ሰዓቷን መቀየር አለባት? ድርቆሽና በርበሬ ጆንያ ሙሉ አዘጋጅታለች፤ እሱን ለማስቀነስ እንኳ ሽማግሌ ያስፈልጋል።

ሹፌሩ ከኮምቦልቻ
ረቡዕን ተዪው፣ ማክሰኞ ውጡ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣርማበር ላይ ጉም ከወረደ ግን የኪሎ ሜትር ነገር አይወራም። ዋሻው 600 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እኔ በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜ አውቃለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሞቀኝ ብላ ጋቢዋን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከት፣ ደብረ ሲና ላይ ትፈልገዋለች። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ካገኛችሁላት ደግሞ በአየር ላይ 1 ሰዓት አትቆይም፤ ለጉልበቷ እሱ ይሻላል።

ከጅዳ
እህቴ፣ ማንም ያልመለሰልሽ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። 01፡50 የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ50 ማለት ነው። ስለዚህ ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ መገኘት አለባት። እኔ ይህን የተማርኩት በእህቴ የአንገት ሀብል ነው። ቲኬቴ «እሑድ 02፡20» ይላል፤ እሑድ ማታ ተመርቄ፣ ተለቅሶልኝ ቦሌ ስደርስ ልጅቷ ወረቀቱን አየችና «አባቴ፣ ይኼ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለችኝ። ለአዲሱ ቲኬት ሀብሉ ተሸጠ።
በረራው ራሱ ቀላል ነው፤ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ2 ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የእጅ ሰዓቷን አትንኩባት። ኢትዮጵያም ሳዑዲም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፤ እዚህ «ሰባት ሰዓት» ሲሏት በልቧ አንድ ትበል፣ ያ ብቻ ነው። አብሽሪ።

የጂኦግራፊ መምህር
የሚገርመው ከደሴ ጅዳ በቀጥታ 1,170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ይልቅ እናንተ ትቀርባላችሁ። እናትሽ ወደ ደቡብ ወርዳ መልሳ ወደ ሰሜን ነው የምትበረው። ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ጅዳ ማስመሪያ ብታጋድሚ መስመሩ ላሊበላን ታክኮ ያልፋል።

የጢጣዋ
አላህ ይስጥልኝ፣ ማክሰኞ እንወጣለን። የመምህሩን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ በወሎ ላይ ማለፉ ካልቀረ፣ ወርዶ አይጭነኝም?» አለች። በርበሬውን አሁንም አልቀነሰችም።