እስከ 770 ዲግሪ የሚቆየው የማግኔት ስበት ከየት የመጣ ነው?

ኮምቦልቻ ላይ 2 አተም ኒዮዲሚየም (ለማግኔት ሥራ የሚውል ሜታል) ለ17 አተም ብረት የሆነ ውሁድ እየሠራን ነው። ለትነት ማካካሻ ኒዮዲሚየሙን 3 በመቶ ጨምረን፣ እያገላበጥን በአርጎን ጋዝ ውስጥ በአርክ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ) አቀለጥነው። ከዚያ በታሸገ የኳርትዝ ቱቦ 1000 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሳምንት አቆየነው፤ መሃል ላይ መብራት እየጠፋ ምድጃው ቀዝቅዟል።

በአርጎን ውስጥ እያሞቅን ማግኔት የሚስበውን ኃይል በሚዛን ስናነብ፣ ውሁዱ ማግኔትነቱን በሚያጣበት 55 ዲግሪ አካባቢ እንደሚጠበቀው ዝቅ ይላል፤ ዜሮ ግን አይገባም። የቀረው የሚጠፋው 770 ላይ ነው። ንጹህ ብረት ማግኔትነቱን የሚያጣው እዚያ ሙቀት ላይ ስለሆነ፣ ይሄ ያልተዋሃደ ብረት ለመሆኑ አያከራክርም። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ብረት ቀድሞ ይረጋና ውሁዱ በዙሪያው ስለሚፈጠር፣ የምድጃው ሙቀት ካላዳረሰው የመሃሉ ብረት እንዳለ ይቀራል። ኒዮዲሚየሙ ኦክሳይድ ሆኖ ከጎደለም ውጤቱ ያው ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ምድጃው መመለስ ይበቃል፤ ሁለተኛው ከሆነ ኒዮዲሚየም ጨምሮ እንደገና ማቅለጥ ግድ ነው። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታል ዓይነቶችን በሚለይ ምርመራ) እና በተራ የብረታ ብረት መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ብቻ ሁለቱን እንዴት እንለያቸው?