ማዕተቤን ደብቄ መኖሬ ክህደት ነውን?

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን የቤቱ እመቤት የአንገቴን ማዕተብ በወጥ ቤት መቀስ ቆርጣ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፤ እኔም ሌሊት ተነሥቼ ከሽንኩርት ልጣጭ መካከል አውጥቼ አጠብሁትና በትራሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፋሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሃይማኖቴ ስጠየቅ ዝም እላለሁ፤ ረቡዕና ዓርብም ሆዴን አሞኛል እያልሁ እጾማለሁ።

ያስጨነቀኝ ይህ ዝምታ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በሰው ፊት የሚክደውን እንደሚክደው ተናግሯል፤ በዚያው ምዕራፍ ግን በአንዲት ከተማ ሲያሳድዱን ወደ ሌላይቱ እንድንሸሽ አዝዟል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በሰማዕትነት ያለፉት ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችንም እንደ እኔ በስደት ላይ የነበሩ ናቸውና፣ እነርሱን ባሰብሁ ቁጥር በራሴ አዝናለሁ።

ታዲያ ክርስቲያን መከራን ይቀበል ሲባል ሳይጠየቅ ራሱን ይግለጥ ማለት ነውን፣ ወይስ እንዲህ ተሸሽጎ መታገሥም መስቀልን መሸከም ነው? ንስሐ አባቴን በስልክ ላገኛቸው አልቻልሁም። ውሌን ለማራዘም የምፈርምበት ቀን ስለ ቀረበ፣ ከዚያ በፊት የምታውቁ አባቶች እንድትመክሩኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ።