ቀለህ ማዘጋጃ መሣሪያ፦ የትኛው ይቅደም?

አሜሪካ ውስጥ ተኩስ ሜዳ የሚያዘወትር ወዳጅ የተተኮሰ ቀለህ እንደገና እየሞላ እቤቱ ጥይት መሥራት ሲጀምር ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ባለሞተር ማሽን ነው። ረጋ በሉ። የመጀመሪያውን ብር ካሊፐር (ርዝመት በጥቃቅን የሚለካ መሣሪያ) ላይ አውሉት።

የናስ ቀለህ በተተኮሰና በዳይ (ቀለሁን ወደ ልኩ በሚመልሰው የብረት ቅርጽ ማውጫ) ተጨምቆ ልኩን በያዘ ቁጥር አንገቱ ይረዝማል። የ.223 ሬሚንግተን የጠመንጃ ጥይት የቀለህ ርዝመት ጣሪያ 1.760 ኢንች ነው፤ ሲቆረጥ 1.750 ይሆናል። የ.308 ዊንቸስተር ጣሪያ 2.015፣ መቁረጫው 2.005። ልዩነቱ የኢንች አንድ መቶኛ ነው፣ በዓይን አይለይም። የረዘመ ቀለህ ግን አፉ ከቻምበሩ (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የመሣሪያው ክፍል) ጫፍ ጋር ይጋጭና አረሩን አጥብቆ ይይዘዋል። ያኔ ግፊቱ አደገኛ ይሆናል። 9 ሚሊሜትር ብቻ የምትሞሉ ከሆነ ትሪመሩን (የቀለህ መቁረጫውን) እርሱት፤ የሽጉጥ ቀለህ ብዙ ሰው አይቆርጥም።

ለጀማሪ የምጠቁመው የሊ ኩባንያን ትሪመር ነው። ርካሽ ነው። ፒኑ በፕራይመሩ (ከቀለሁ ግርጌ ገብቶ ባሩዱን በሚለኩሰው) ቀዳዳ አልፎ መያዣውን ሲነካ መቁረጡ ያበቃል። የሚስተካከል ነገር ስለሌለው የሚዛባም የለም። ጣጣው ለየካሊበሩ (ለየጥይቱ ልክ) ሌላ ፒን መግዛት ነው። ካሊበር ካበዛችሁ እጀታ እየዘወራችሁ የምትሠሩበት የፎርስተር ወይም የአርሲቢኤስ ትሪመር ይሻላል።

በመቶዎች የሚቆጠር ቀለህ ለሚቆርጥ ድሪል ላይ የሚገጠመው ደብሊው ኤፍ ቲ የሚባል ትሪመር አለ። ፈጣን ነው። ግን የሚለካው ከቀለሁ ትከሻ ተነስቶ ስለሆነ ቀለሁ አስቀድሞ በዳይ ካላለፈ ርዝመቱ ይዘበራረቃል። የላይማን ኬዝ ፕረፕ ኤክስፕረስ ደግሞ ባለ አምስት ራስ ነው፤ የአፉን ጠርዝ ያለሰልሳል፣ የፕራይመሩን ጉድጓድ ያጸዳል። አይቆርጥም! ይቆርጣል ብሎ የሚገዛው ሰው ብዛቱ ይገርመኛል።

የወታደር ቀለህ ከለቀማችሁ ፕራይመሩ ዙሪያውን ተቆንጥጦ ስለሚመጣ አዲሱ አልገባ ይላል። ለዚያ የዲሎን ሱፐር ስዌጅ ምቹ ነው፤ ጠርዙን ሳይቆርጥ ገፍቶ ይመልሰዋል። የፋብሪካ ሲቪል ቀለህ ብቻ ላለው ግን ትርፍ ወጪ ነው። ውስጡን በባትሪ አይታችሁ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካያችሁ በርዳን የሚባለው የፕራይመር ዓይነት ነውና ጣሉት፣ የዳያችሁን ፒን ይሰብራል።

ማጽጃ ላይ ምርጫዬ የእርጥቡ ነው፣ በውሃ፣ በሳሙናና በማይዝግ ብረት ዘንጎች የሚሽከረከረው። በበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ የሚሠራው ደረቁ ርካሽ ነው፤ አቧራው ግን ከፕራይመር የመጣ የእርሳስ ብናኝ አለበት። ልጆች ካሉበት ቤት ይውጣ፤ ኩሽናማ አይታሰብም። የእርጥቡ ችግር ዘንጎቹ ቀለሁ ውስጥ መቅረታቸው ነው፤ እያንዳንዱን ገልብጣችሁ አራግፉ። አሞኒያ ያለበት የናስ ማጽጃ ደግሞ አትንኩ። በህንድ የእንግሊዝ ጦር ቀለሆች ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰነጠቁ ነበር፤ ጥፋተኛው ከፈረስ ጋጣ የሚወጣ አሞኒያ መሆኑ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። የናስ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጥረጉ። ናስ ባይዝግም መቁረጫው ብረት ነውና በቀጭን ዘይት አብሱት። የቆረጠው አፍ ሻካራ ከሆነ፣ ወይም መቁረጫው መብላት ትቶ ማሸት ከጀመረ፣ ዶልዱሟልና ቀይሩት። ካሊፐሩን ገጥማችሁ ዜሮ ማሳየቱን ሳታዩ አትለኩ።

ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ ወረቀት ማያያዣ ሽቦ ነው። ጫፉን በትንሹ አጥፋችሁ ወደ ቀለሁ ውስጥ ስደዱትና ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየዳሰሳችሁ ጎትቱት። መቀመጫው አካባቢ ቦይ ላይ ቆንጠጥ ካለ ናሱ ሳስቷል፣ ሊበጠስ ነው። ከውጭ በዚያው ቦታ የሚያበራ ቀለበት ከታየም አትመራመሩ፣ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት።

ያገለገለ ትሪመር ከሰው ስትገዙ መቁረጫው ቢደንዝ አይግረማችሁ፣ ይቀየራል። ዘንጉን አዙራችሁ ጫፉ ከዋለለ ግን ተጣሟልና እለፉት።